ለአጥር የቱ ይሻላል፦ ቡገንቪላ ወይስ ጃስሚን?

አጥራችሁ ፀሐይ በደንብ የሚያገኝ ከሆነ እኔ ቡገንቪላ እላለሁ። በየቀኑ ለ6 ሰዓት ያህል ፀሐይ ይፈልጋል። ሥር ከያዘ በኋላ ውኃ አታብዙበት፤ ሲጠግብ ቅጠል ብቻ ይሆናል። ያ ደማቅ ሮዝ ደግሞ አበባው አይደለም፣ ቀለም ያወጣ ቅጠል ነው። ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ እውነተኛዋ አበባ መሃሉ ላይ ያለችው ትንሽ ነጭ ናት። የሚያብበው አዲስ ቀንበጥ ላይ ስለሆነ፣ አበባው ሲረግፍ ከርክሙት። ጓንት አትርሱ፣ እሾሁ አይምርም። ራሱን ችሎም አይጠመጠምም፤ በገመድ ማሰር ነው።

ጃስሚን ሽቦ ካገኘ ራሱ ይጠመጠማል። ከፊል ጥላም ይችላል። ውኃ ግን ቶሎ ቶሎ ይፈልጋል፤ ቧንቧ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ጣጣ ነው። ሽታው ግን ልዩ ነው፣ በተለይ ማታ። ልጆች የሚሯሯጡበት በር ላይ እሱን ትከሉ።