ከፒያሳ የገዛሁት የሮማ ቪኤፍ ቲማቲም ዘር

ፒያሳ ካለች አንዲት አነስተኛ የግብርና ዕቃዎች መሸጫ የሮማ ቪኤፍ ቲማቲም ዘር ገዝቼ አራት ኪሎ በሚገኘው ጓሯችን ችግኝ አፍልቼ እስከ ፍሬ አድርሻለሁ። ስለ ዘሩም ስለ ሱቋም የታዘብኩትን በጓሮው ቲማቲም ለማልማት ለሚያስብ ሰው ማካፈል ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ወደ ሱቋ የሄድኩት በታኅሣሥ አጋማሽ ነበር። ሻጩ አዛውንት ዘሩን ከማቀበላቸው በፊት የት ሰፈር እንደምተክል ጠየቁኝና፣ «ልጄ፣ መግዛቱን ግዛ፤ ይህ ብርድ ሳያልፍ ግን አፈር እንዳታስነካው» አሉኝ። ምክራቸው ከዘሩ የማይተናነስ ዋጋ ነበረው፤ ምክንያቱም የቲማቲም ዘር ፈጥኖ የሚበቅለው ሙቀቱ ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን ነው፤ የአዲስ አበባ የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ ዘሩ ሳይበቅል እዚያው አፈር ውስጥ ይበሰብሳል። እስከ ጥር አጋማሽ ታገስኩ።

ባለፈው ዓመት ከሌላ ቦታ በወረቀት ተጠቅልሎ ከተሸጠልኝ፣ ቀን ካልተጻፈበት ዘር ውስጥ ከ40 ፍሬ የበቀለው 6 ብቻ ስለነበር፣ ዘንድሮ የመረጥኩት የብቅለት መጠኑና የሚያበቃበት ቀን የታተመበትን እሽግ ቆርቆሮ ነው። ስከፍተው ዘሮቹ ደማቅ ሮዝ ቀለም ነበራቸው። ይህ ቀለም ዘሩ በፀረ ፈንገስ መድኃኒት መታሸቱን ስለሚያመለክት፣ ዘርተው ሲጨርሱ እጅን በሳሙና መታጠብና ቆርቆሮውን ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

በደንብ የተብላላ ፍግና አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ላይ 40 ፍሬ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አጥልቄ ዘራሁ፤ ሳጥኑንም ማታ ማታ ወደ ቤት አስገባው ነበር። በ8ኛው ቀን ማለዳ አንገታቸውን ደፍተው አፈሩን የሰነጠቁ ነጫጭ ግንዶች አየሁ፤ በ12ኛው ቀን 34 ደረሱ። ሁለቱ የዘራቸውን ቅርፊት እንደ ቆብ ደፍተው ስለቀሩ በጣቴ ጫፍ ውሃ ጠብ አድርጌ አረጠብኳቸው፤ በማግሥቱ ቅርፊቱ ራሱ ወለቀ። ብርሃን ያነሰው ችግኝ ቀጥኖ ይመዘዛልና ቀን ቀን ሙሉ ፀሐይ ማግኘት አለበት።

በ6ኛው ሳምንት ወደ መደቡ ሳዛውራቸው ግንዱን እስከ መጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ድረስ ቀበርኩት፤ የተቀበረው የቲማቲም ግንድ ተጨማሪ ሥር ስለሚያወጣ ተክሉ ይጠነክራል። ሮማ ቁመቱ የተወሰነ ስለሆነ አንድ አንድ ካስማ በቂው ነው፤ ቅርንጫፉንም አብዝቶ መቀንጠስ አያስፈልግም። የመጀመሪያው ፍሬ የቀላው በግንቦት መጨረሻ ነው። ሰፈራችን ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ በመሆኑ መደቡ አንድ ሰሞን ደርቆ አንድ ሰሞን ሲጠግብ፣ የአንዳንዱ ፍሬ ቂጥ ጠቁሮ በሰበሰ፤ ይህ ውሃ ሲቆራረጥ ካልሲየም ወደ ፍሬው በበቂ ባለመድረሱ የሚመጣ እንጂ የዘሩ ጉድለት አይደለም። መደቡን በደረቅ ሣር ካለበስኩ በኋላ የወጣው ፍሬ ጤናማ ሆነ።

ቪ እና ኤፍ የተባሉት ፊደላት ዝርያው ቨርቲሲሊየምና ፉዛሪየም የሚባሉትን፣ ከአፈር ተነሥተው ተክል የሚያጠወልጉ ፈንገሶች እንደሚቋቋም ይገልጻሉ። በክረምት ዝናብ ቅጠሉን የሚያቃጥለውን በሽታ ግን አይቋቋምም፤ ስለዚህ ሐምሌ ሳይገባ አብዛኛውን ፍሬ ለመልቀም ማቀድ ይሻላል።

በሱቋ ላይ ያለኝ ቅሬታ አንድ ነው። አንድ ግራም 300 ያህል ፍሬ ስለሚይዝ የ10 ግራም ቆርቆሮ ለአንድ ጓሮ እጅግ ይበዛል፤ ትንሽ የሚፈልግ ገዢ ሲመጣ ግን ከተከፈተ ቆርቆሮ በወረቀት ቆጥረው ሲሰጡት ቀኑን አይጽፉለትም። እኔ የተረፈኝን ለሦስት ጎረቤቶቼ አካፍዬ፣ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ቆርቆሮው ላይ የታተመውን ቀን ጽፌላቸዋለሁ።