የኩሬ እምቦጭ ማስወገድ አገልግሎት፦ ከሦስት ወር በኋላ የምሰጠው አስተያየት

ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ባለው እርሻችን ውስጥ 40 ሜትር በ25 ሜትር የሚሆን የመስኖ ኩሬ አለን። ሽንኩርቱን የምናጠጣውም፣ ጥቂት ቀረሶ ዓሣ የምናረባውም በእርሱ ነው። ባለፈው መስከረም ሦስት አራት እምቦጭ ብቅ ሲል፣ ሐምራዊ አበባው የሚያምር በመሆኑ ለመንቀል የቸኮለ ሰው አልነበረም። በኅዳር የኩሬው እኩሌታ ተሸፍኖ፣ የውኃ ሞተሩ መምጠጫ በሥሩ እየታነቀ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ይቆም ጀመር።

በመጀመሪያ የጠራነው መድኃኒት ረጪ ነበር። ባለሙያው መላውን ኩሬ በአንድ ቀን ረጭቶ ሄደ፤ አረሙም ጠወለገ፣ ቡናማ ሆነ፣ ሰመጠ። ከሳምንት በኋላ ግን ማለዳ ላይ ዓሦቹ አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው አየር ሲለምኑ አገኘናቸው፤ አብዛኞቹም ሞቱ። ብዙ አረም በአንድ ጊዜ ሞቶ ሲበሰብስ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ስለሚጨርሰው፣ ዓሣ ያለበት ኩሬ በየተራ፣ ክፍል በክፍል መረጨት እንደነበረበት የሚነግረን አላገኘንም። የተረፉት ጥቂት ግንዶችም በየካቲት ኩሬውን መልሰው ይሸፍኑት ጀመር፤ እምቦጭ ምቹ ሁኔታ ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናልና።

አሁን የምገመግመው በየካቲት ያሠራናቸውን፣ አረምን በእጅ የሚያስወግዱ ስድስት ወጣቶች ነው። ዋጋቸው 18,000 ብር ሲሆን፣ የሁለት ቀን ሥራንና በሁለት ወር ውስጥ ሦስት የክትትል ጉብኝቶችን ያጠቃልላል። መጀመሪያ ባዶ ጀሪካን የታሰረበት ገመድ በኩሬው ላይ ዘርግተው ለሁለት ከፈሉት፤ ይህም የተነቀለው ቁራጭ ነፋስ እየገፋው ወደ ጸዳው ክፍል እንዳይመለስ ነው። ከዚያም አንዱ በጀልባ ላይ ሆኖ በመንሽ እየጎተተ፣ ሁለቱ ውኃ ውስጥ ገብተው እየገፉ፣ የቀሩት ዳር ላይ ሆነው ያወጡ ነበር። የቡድኑ መሪ አንዱን ግንድ ከነሥሩ አንሥቶ፣ “ጋሼ፣ ይችን ይመልከቷት” አለኝ። ውኃ ከሚያንጠባጥበው ጥቁር ሥር ጎን፣ ከእናቲቱ በቀጭን ገመድ መሳይ ሐረግ የተያያዘች፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ቅጠል ነበረች። “እናቷን ነቅለን ይችን ከተውናት፣ ለፋሲካ ኩሬው እንደነበረ ነው” አለኝ፤ ከዚያም ደንገሉ ሥር ተጎንብሶ እንደ እርሷ ያሉትን በጥልፍልፍ ወንፊት ይለቅም ገባ።

ጉድለታቸውን ልናገር። የነቀሉትን ከውኃው ሁለት ሜትር በማይርቅ ስፍራ ከመሩት፤ አንድ ዝናብ ቢጥል ቁራጩ ተጠርጎ እንደሚመለስ ግልጽ ነበር። እንዲያርቁት ስጠይቅ ማጓጓዙ በውሉ ውስጥ የለም ተባልኩና 2,500 ብር ጨመርኩ። እርጥብ እምቦጭ ከ90 በመቶ በላይ ውኃ በመሆኑ ከባድ ነው፤ ከዳሩ ራቅ ብሎ ፀሐይ ላይ ሳምንት ቢሰነብት ኖሮ ሸክሙ በእጅጉ ይቀል ነበር። ከዚህም የሚብሰው ልጆቹ ያለ ቦቲ ውኃ ውስጥ መግባታቸው ነው። በእምቦጩ ሥር የሚሰፍሩት ቀንድ አውጣዎች ብልሃርዝያ አስተላላፊ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ቡድኑ ለሠራተኞቹ መከላከያ ልብስ ማሟላት አለበት፤ የዚህ ወጪ በዋጋው ላይ ቢጨመርብኝ በደስታ እከፍላለሁ።

ገንዘቡን የሚያወጣው ጉብኝቱ ነው። በመጀመሪያው ሁለት የማዳበሪያ ጆንያ ሙሉ፣ በሁለተኛው ግማሽ ባልዲ፣ በሦስተኛው 11 ችግኝ ብቻ ለቀሙ። ቀኑን ቆጥረው፣ ሳልደውልላቸው መጥተዋል። ሞተሩ ከየካቲት ወዲህ አልታነቀም።

ከአንድ ሄክታር ለሚበልጥ የውኃ አካል በስድስት ሰው እጅ የሚሠራው ሥራ ከአረሙ ዕድገት ስለሚዘገይ አልመክረውም። የእኛን ለመሰለ ኩሬ ግን ማጓጓዙንና የጉብኝቱን ቀን በውሉ ላይ አስጽፎ ማሠራት ተገቢ ነው። ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይበቅል ሊቆይ ይችላል፤ የክረምቱ ጎርፍም ከማሳው ማዳበሪያ እየጠረገ ስለሚያመጣለት፣ እኛ ለመጪው መስከረም ሁለት ጉብኝት ከወዲሁ ከፍለናል፤ በውኃ መግቢያው ቦይ ላይም ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ ወንፊት በራሳችን አስገጥመናል።