ስክሪፕቱን መሸጥ ወይስ አጭር ፊልም መሥራት?

ጎንደር ተቀምጠህ ጸጥ ያለ፣ ንግግር የማይበዛበት የመጀመሪያ ስክሪፕትህን ጨርሰሃል እንበል። ወይ አዲስ አበባ ላለ ፕሮዲዩሰር ትሸጠዋለህ፣ ወይ አንድ ትዕይንት መርጠህ አጭር ፊልም ትሠራለህ።

መሸጡ ፈጣን ይመስላል። ግን ፕሮዲዩሰሩ የሚያስበው ስለ ቲኬት ነው፤ ስምህንም አያውቀውም። የስክሪፕት አንድ ገጽ ስክሪን ላይ በግምት አንድ ደቂቃ ነው ይባላል። "እናት ቡና ትቆላለች፣ ልጇ የመጣበትን ጉዳይ አይናገርም" የሚል አንድ መስመር ግን ስክሪን ላይ አራት ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፣ ወረቀት ላይ ደግሞ ባዶ ነው የሚመስለው። ከተስማማችሁ ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የገንዘብ መብትህን ብታስተላልፍም ደራሲነትህ ያንተው ነው።

አጭር ፊልሙ ያደክማል፣ ኪስም ይጎዳል። ግን ዝምታውን በዓይን ያሳያል፦ ቡናው ምጣዱ ላይ ሲንጣጣ፣ እናትየዋ ቀና ሳትል ስታማስል፣ ልጁ ጫማውን እያየ ሊናገር ብሎ ሲተወው። ይህን የሚያህል ነገር በስልክ ተናግሮ ማሳመን በጣም ከባድ ነው። ፋሲል ግቢ ውስጥ ካልቀረጽኩ ብለህ ፈቃድ መለመን እንኳ አያስፈልግህም፤ አዘዞ ያለ የዘመድ ጓዳ ይበቃል።

እኔ ያለማመንታት ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ በ"ጤዛ" የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት ሲያገኝ፣ ፊልሙን ዳይሬክት ያደረገውም ራሱ ነበር። አጭር ፊልምህን አይቶ የሚመጣ ፕሮዲዩሰር ካለ፣ መጀመሪያ ማን ዳይሬክት እንደሚያደርገው ተነጋገሩ፤ ዋጋው ከዚያ ይደርሳል።