የኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሪሳይክል ቢን፦ ከዴስክቶፕ ማጽዳት ወይስ የተደበቀውን ፎልደር ማጥፋት?

ከኤክስተርናል ሃርድ ዲስካችሁ ላይ ብዙ ፋይል አጥፍታችሁ ቦታው ንቅንቅ ካላለ፣ ፋይሎቹ የትም አልሄዱም። ዊንዶውስ እዚያው ዲስኩ ላይ በተደበቀ የሪሳይክል ቢን ፎልደር ያስቀምጣቸዋል።

የመጀመሪያው መንገድ ቀላል ነው። ዲስኩን ሰክታችሁ ዴስክቶፑ ላይ ያለውን ሪሳይክል ቢን ባዶ ማድረግ። ከማጽዳታችሁ በፊት ስማቸውን አይታችሁ የምትፈልጉትን መመለስ ትችላላችሁ። ግን የሚያጸዳው የእናንተን ብቻ ነው። የተደበቀው ፎልደር ውስጥ እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ ክፍል አለው። ዲስኩ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ሳለ ያጠፋችሁት ፋይል ካለ፣ የእናንተ ቢን ባዶ ሆኖ ይታያል፤ ቦታው ግን እንደተያዘ ነው።

ሁለተኛው ፎልደሩን ራሱን ማጥፋት ነው። መጀመሪያ የተደበቁና የሲስተም ፋይሎች እንዲታዩ ማድረግ ያስፈልጋል። ይሄ የሁሉንም ተጠቃሚ ጠራርጎ ያወጣል። ፎልደሩ ስለጠፋ አትስጉ፣ ዊንዶውስ ሲያስፈልገው መልሶ ይፈጥረዋል። የሚያሰጋው ሌላ ነው፦ የሌላ ሰው ፋይልም አብሮ ይሄዳል። የተሳሳተ ዲስክ ላይ እንዳትገቡም የዲስኩን ፊደል (ዊንዶውስ ለዲስኩ የሰጠውን፣ ለምሳሌ E:) ደግማችሁ እዩ።

እኔ ሁሌም በመጀመሪያው ጀምሩ እላለሁ። ወደ ሁለተኛው የምትሄዱት ቢኑ ባዶ ሆኖ ቦታው አልመለስ ሲል ብቻ ነው። ስትጨርሱ የሲስተም ፋይሎቹን መልሳችሁ ደብቁ።

ማክ የምትጠቀሙ ደግሞ ዲስኩን ከመንቀላችሁ በፊት ትራሹን (የማክን ሪሳይክል ቢን) ባዶ አድርጉ።