ለክፍል ፕሮጀክተር ወይስ ቲቪ?

በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት አስተማሪ ጓደኞቼ ደውለው ይህንኑ ጠየቁኝ። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ቲቪ ግዙ። ለምን እንደሆነ የሚፈልግ ይቀጥል፤ እኔ ገንዘብ ከፍዬ ነው የተማርኩት።

የማስተምርበት ትንሽ የግል ትምህርት ቤት ብር ሰጥቶ ገበያ የላከው እኔን ነበር። ያገለገለ ፕሮጀክተር በ28 ሺህ አገኘሁ። 43 ኢንቹ ቲቪ 41 ሺህ ስለተባልኩ 13 ሺህ ያተረፍኩ መሰለኝ። ሻጩ ሜኑውን ከፍቶ አሳየኝ፣ አምፖሉ የሠራው 600 ሰዓት ብቻ። ያ ቁጥር እዚያው ሜኑ ውስጥ ወደ ዜሮ ሊመለስ እንደሚችል የሰማሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ባዮሎጂ እያስተማርኩ፣ መብራት ሄደ። የዚህ ዓይነት አምፖል ሲጠፋ ማራገቢያው ዞሮ ዞሮ ካላቀዘቀዘው ይጎዳል፤ መብራት ደግሞ አስፈቅዶ አይሄድም። ሁለት ሦስቴ እንዲህ ሆነና አንድ ቀን ጧ! አለ። አዲስ አምፖል 9 ሺህ። መያዣው ኦሪጅናል፣ ውስጡ ኮፒ፤ በሁለት ወሩ ምስሉ ሻይ የፈሰሰበት መሰለ። ሌላ 9 ሺህ። ክፍላችን ፀሐይ ስለሚገባው ጥቁር መጋረጃ 4 ሺህ። ደምሩት፣ 50 ሺህ!

በእጅ የምትያዘዋ ሚኒ ፕሮጀክተርማ ከነጭራሹ ትቅርባችሁ። ካርቶኗ ላይ «1080 ሰፖርት ታደርጋለች» ይላል፤ ፋይሉን ትቀበላለች ማለት እንጂ በዚያ ጥራት ታሳያለች ማለት አይደለም። ብዙዎቹ የራሳቸው ጥራት 800 በ480 ነጥብ ብቻ ነው። ካላመናችሁ የሱቁን በር አስከፍታችሁ፣ ኤክሴል ከፍታችሁ፣ ጥግ ላይ ያለውን ቁጥር ለማንበብ ሞክሩ።

ቲቪውን በመጨረሻ ገዛነው፣ ከነብራኬቱ 42 ሺህ ተኩል። ፍላሽ ሰክቼ አስተምራለሁ፣ ያልገባው ልጅ ካለ አቆማለሁ። በፕላዝማ የተማራችሁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ከሳተላይት የሚመጣው ትምህርት ገባህ አልገባህ ብሎ አይጠብቅም ነበር።

ቲቪም ኮፒ አለው። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፤ 43 ኢንች ማለት ስክሪኑ ከጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ 109 ሴንቲ ሜትር ነው። የታወቀ ስም በስቲከር የተለጠፈበት ከሆነ በጥፍራችሁ ሞክሩት። ድምፅ እያለ ምስል ከጠፋ ደግሞ አትደንግጡ፣ በስልካችሁ ባትሪ አብሩበት። ምስሉ ደብዘዝ ብሎ ከታየ የተበላሸው ባክላይቱ፣ ከስክሪኑ ጀርባ የሚያበራው መብራት ነው፤ የእኛን በ3 ሺህ አስቀየርነው። ስክሪኑ ከተሰበረ ግን አለቀለት፣ ስለዚህ ኳስ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ስቀሉት።

ለትልቅ አዳራሽ ከሆነ እሺ፣ ፕሮጀክተር። 43 ኢንች እዚያ ከኋላ ለተቀመጠ ምንም አያሳይም።

የእኛው ፕሮጀክተር አሁን መምህራን ክፍል ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። የሚገዛ ካለ ዋጋ እንነጋገራለን፤ አምፖሉ ስንት ሰዓት እንደሠራ ግን እንዳትጠይቁኝ።