ዶርሙ፣ ቻፕሉ፣ ሪፖርቱ፦ ሐዋሳ ላይ ነገረ መለኮት መማር

ክረምት በገባ ቁጥር ከአጥቢያችን ወጣቶች አንዱ ወይም አንዷ መጥተው «እህት፣ ነገረ መለኮት ኮሌጅ ልግባ ወይ?» ይሉኛል። የተማርኩት እዚሁ ሐዋሳ፣ ከከተማው ኮሌጆች በአንዱ ነው። አሁንም እዚሁ በልጆች አገልግሎት ላይ ነኝ። የኮሌጁን ስም አልጽፍም። ከመምህራኑ ጋር ዛሬም አብረን እናገለግላለን፤ የምነቅፈው ነገርም በሌሎች ኮሌጆች እንዳለ ከተመራቂዎች ሰምቻለሁ። ስለ ትምህርቱና ስለ ኑሮው የማስበውን ግን ሳልሸፋፍን እናገራለሁ።

በትምህርቱ ልጀምር። በእሱ ቅሬታ የለኝም። ብዙዎቻችን የገባነው ግሪክን ፈርተን ነበር። መምህራችን ግን ትዕግሥታቸው አያልቅም። «ሉኦ፣ ሉኤይስ፣ ሉኤይ» እያልን ልብስ ስናጥብ ሳይቀር ግስ እናረባ ነበር። ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ መነበቡ መጀመሪያ ያደናግራል እንጂ ለእኛ ጆሮ ሩቅ አይደለም። የሚከብደው ንባቡ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያለው አብዛኛው መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው። ለዓመታት በሲዳምኛ ወይም በጌዴኦኛ ሲሰብክ የኖረ ወንጌላዊ፣ ስብከቱ ሰው የሚያስለቅስ፣ አንድ ምዕራፍ ለማንበብ መዝገበ ቃላት ታቅፎ ሲያድር አይቻለሁ። ኮሌጁ ከመጀመሪያው ሴሚስተር በፊት የቋንቋ ማጠናከሪያ ቢሰጥ ስንቱ ሰው ከመጨነቅ ይድን ነበር!

ዶርሙ ተራ ዶርም ነው። ተደራራቢ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ ለሁሉም። ውሃ ይጠፋል፤ ጄሪካን ሞልቶ ማስቀመጥ ግድ ነው። ምግቡ ሽሮ ነው፣ ምስር ነው፣ ክክ ነው፣ ከዚያ እንደገና ሽሮ። አንዳችን ገንዘብ ከቤት የተላከልን ቀን ሐይቁ ዳር ያለው አሞራ ገደል ሄደን ዓሣ እንበላለን። ክፍላችን ውስጥ ግን ወላይታ፣ ጌዴኦ፣ ሀዲያና ሲዳማ ነበርን። ማታ መብራት ከመጥፋቱ በፊት እያንዳንዷ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ትጸልያለች፤ የማንሰማውንም ቋንቋ «አሜን» እንላለን። ቅዳሜ ጠዋት ጥቂት ሆነን ወደ ታቦር ተራራ እንወጣና ሐይቁን ከላይ እያየን እንጸልያለን። እንዲህ ዓይነት ኅብረት ከዚያ በኋላ አላገኘሁም። ኮሌጁ በዚህ ብቻ ቢመዘን ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ።

አሁን ስለ ደንቡ። ስትገቡ የምትፈርሙበት ወረቀት አለ። መጠጥ፣ ሲጋራ፣ ጫት ክልክል ነው። ማታ በሩ ሳይዘጋ መግባት አለባችሁ። ቻፕል፣ ማለትም የተማሪዎች የጋራ አምልኮ፣ ላይ ስም ይያዛል። ወንዱ ሴቶች ዶርም፣ ሴቷ ወንዶች ዶርም አይገቡም። እጮኝነት ከጀመራችሁ ለተማሪዎች ዲን ታሳውቃላችሁ። ብዙ ወጣቶች ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ። እኔ ወድጄዋለሁ። አንብቤ ፈረምኩ፣ ምን እንደሚጠበቅብኝ አወቅሁ፣ በቃ። ነገ መንጋ የሚጠብቅ ሰው ዛሬ በሰዓቱ መግባት ካቃተው ያሳስበኛል።

ወረቀቱ ላይ የሌለው ግን ብዙ ነው። የነገረ መለኮት ተማሪ አይደክምም፣ አይጨነቅም፣ አይጠራጠርም ተብሎ ይታሰባል። «ከፍቶኛል» ካልሽ «አንቺ የነገረ መለኮት ተማሪ ሆነሽ?» ትባያለሽ። ቅዳሜና እሁድ ለአገልግሎት እንመደባለን። በባጃጅ እስከ ቱላ ድረስ ሄደን እንሰብካለን፣ ልጆች እናስተምራለን፣ ከጉባኤው በኋላ እናቶች ከብበው «ጸልዩልን» ይላሉ። እንዴት እምቢ ይባላል? ማታ ስንመለስ የሰኞ አሳይመንት ይጠብቀናል። ለእረፍት ወደ አገር ስንሄድም መድረኩ አይለቀንም። ገና ቦርሳችንን ሳናስቀምጥ «እህታችን ከኮሌጅ መጥታለች፣ ቃል ታካፍለናለች» ይባላል።

የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ትምህርት ይህን ጫና ያበዛዋል። ትምህርቱ ራሱ ግን ድንቅ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሚሲዮናውያኑ ከወላይታ ሲወጡ ጥቂት የነበሩት አማኞች፣ ሲመለሱ በሺዎች ሆነው እንደጠበቋቸው እንማራለን። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በደርግ ሰዎች ተወስደው እንደተገደሉ፣ ባለቤታቸው ፀሐይ ቶሎሳም 10 ዓመት ያህል እንደታሰሩ እንማራለን። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ያላለቀሰ አልነበረም። ከዚያ ክፍል ወጥቶ «እኔኮ ደክሞኛል» ማለት ግን ያሳፍራል። መምህራኑ እዚህ ላይ አንድ ነገር ቢጨምሩ እላለሁ፦ እነዚያ ሰዎችም አዝነዋል፣ ፈርተዋል፣ የሚደግፋቸው ሰው አስፈልጓቸዋል።

ዋናው ነቀፌታዬ እዚህ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ አማካሪ መምህር ይመደብለታል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ግን ስለ ተማሪው መንፈሳዊ ሁኔታ ሪፖርት ጽፎ ወደ ላከው አጥቢያ የሚልከው ያው አማካሪ ነው። ወጪያችንን በግማሽ የሚሸፍነው አጥቢያው ነው። ተመርቀን የምንመደበውም እሱ ሲፈልገን ነው። እንግዲህ ለዚህ ሰው ማን ልቡን ይከፍታል?

አባቴ በታመመበት ጊዜ መጸለይ አቅቶኝ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ እከፍታለሁ፣ ፊደሉን አያለሁ፣ ሌላ ምንም የለም። አማካሪዬ ደግ ሰው ናቸው። ቢሮአቸው አስቀምጠው «እንዴት ነሽ እህቴ፣ ጸሎት እንዴት ነው?» አሉኝ። የሪፖርቱ ቅጽ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። «ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኩና ወጣሁ። እሳቸውም ያልኩትን ጻፉ። አጥቢያዬም «በመንፈስ በርትታለች» የሚል ወረቀት ደረሳት። ጉዳዩ የአንድ መምህር ጥፋት አይደለም፤ አሠራሩ ነው እንዲህ የሚያናግረን።

የሚገርመኝ፣ ስለ ክርስቲያናዊ ኅብረት በተማርንበት ክፍል የጀርመናዊው መጋቢና የነገረ መለኮት ምሁር የዲትሪክ ቦንሆፈር ታሪክ ተነግሮናል። እ.ኤ.አ. በ1935 ጀርመን ውስጥ ፊንከንቫልደ በተባለ ቦታ የአገልጋዮች ማሠልጠኛ መርቷል፤ በ1937 የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ ጌስታፖ ዘጋው። እዚያ አንድ ደንብ ነበራቸው። በሌለበት ስለ ወንድምህ አታውራ፤ ካወራህም ሄደህ ንገረው። ይህን ተምረን ብዙም ሳንቆይ አንድ የክፍላችን ልጅ እጮኝነቱ ፈረሰ። ወሬው የአጥቢያው ሽማግሌዎች ጋ ከእሱ ቀድሞ ደረሰ። እሱን ራሱን ማንም አልጠየቀውም።

ሴቶቹ የት ሄደን እናለቅስ እንደነበር ልንገራችሁ? ወጥ ቤት። ምግብ የሚሠሩልን እትዬ፣ አብረናቸው ምስር ስንለቅም፣ «ምን ሆነሻል ልጄ?» ይላሉ። ቅጽ አይሞሉም፣ ለማንም አይጽፉም። ሰምተው እጃችንን ይዘው ይጸልያሉ፤ በማግስቱ ደግሞ «ዛሬስ?» ብለው ይጠይቃሉ። የአባቴን ነገር የነገርኳቸው እሳቸውን ብቻ ነው። ኮሌጁ ማድረግ ያለበት ይኸው ነው። ጡረታ የወጡ መጋቢ ወይም የበሰሉ እናት ከውጭ ይጋብዝ፤ ሪፖርት የማይጽፉ፣ ፈተና የማያርሙ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሴት ሆናችሁ ለምትገቡ አንድ ነገር ልጨምር። «የመጋቢ ሚስት ልትሆኚ ነው የምትማሪው?» የሚል ጥያቄ ከመግቢያ ቃለ መጠይቅ ጀምሮ ይከተላችኋል። ጠያቂዎቹ ክፋት የላቸውም። ቢሆንም ይሰለቻል። ጥሪያችሁን በራሳችሁ አፍ በግልጽ ተናገሩ። እኔ «ልጆችን ላስተምር ነው» እያልኩ ነው የጨረስኩት፤ ዛሬም እያስተማርኩ ነው።

እናም ልግባ ወይ ላላችሁኝ፣ ግቡ። ከመፈረማችሁ በፊት ግን ሪፖርቱን ማን እንደሚጽፈው፣ እናንተስ ከመላኩ በፊት ታዩት እንደሆነ ጠይቁ። ዲግሪው ከቤተ ክርስቲያን ውጪ ለሥራ ያገለግል እንደሆነም ጠይቁ፤ ተመርቆ ከወጣ በኋላ ይህን የሚያጣራ ሰው አይቼ አዝኛለሁ። የምትልኩ ሽማግሌዎችም ወረቀት ብቻ አትጠብቁ። በወር አንዴ ደውሉ፤ ስለ አገልግሎት ሳይሆን በልቶ እንደሆነ፣ ተኝቶ እንደሆነ ጠይቁት። ለእረፍት ሲመጣ የመጀመሪያውን እሁድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቃል ይስማ። የሴቶች ዶርም ክፍል ጥቂት ስለሆነ እህቶች ቀድማችሁ ተመዝገቡ። አጎበርም ያዙ፤ የሐይቁ ትንኝ ቀልድ አያውቅም።