ስፖርት መኪናዎ ውሃ ካስገባ፦ ፍተሻ፣ መስታወትና ሙጫ ሲነጻጸሩ

ሐምሌ ገብቶ ከሾፌሩ እግር ሥር ያለው ሞኬት ሲረጥብ ብዙ ሰው የሚጠረጥረው የፊት መስታወቱን ነው። ሶማሌ ተራ ወርዶ ዋጋ ያጣራል፣ ያስቀይራል፣ በሚቀጥለው ዝናብ ሞኬቱ ያው ነው። ዝቅ ያለና ጣሪያው የሚከፈት መኪና ውሃ የሚያስገባባቸው መንገዶች ብዙ ስለሆኑ ለመስታወት ብር ከመክፈል በፊት ለፍተሻ መክፈል ይቀድማል።

የውሃ ፍተሻ፣ የአየር ፍተሻ፣ የድምፅ ፍተሻ

በውሃ መፈተሽ ርካሹ ነው፤ በእኛ ግምት አስተማማኙም እሱ ነው። ሞኬቱ ተነሥቶ ላሜራው በጨርቅ ይደርቃል፤ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሌላው ከውጭ የውሃ ጎማ ይይዛል። ውሃው ያለ ግፊት፣ ከታች ወደ ላይ ይፈስሳል፦ መጀመሪያ ኮፈኑና መስታወቱ የሚገናኙበት፣ ቀጥሎ የመስታወቱ ጎንና ጎን፣ በመጨረሻ ጣሪያው፤ በእያንዳንዱ ቦታ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም አጥቦ ስለሚወርድ በየት እንደገባ መለየት አይቻልም። የላቫጆ ግፊትም ያሳስታል፤ ደህና ጎሚኒን ሳይቀር አልፎ ይገባል። የቧንቧ ውሃ ፈረቃ በሆነበት ቀን ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና የአትክልት ማጠጫ ይበቃል።

የአየር ፍተሻ ለመስታወት ጠርዝ ጥሩ ነው። በሮች ተዘግተው የመኪናው ማራገቢያ የውጭ አየር እንዲስብ ተደርጎ እስከ መጨረሻ ይከፈታል፤ በመስታወቱ ዙሪያ የሳሙና ውሃ ሲቀባ ክፍተት ያለበት ቦታ አረፋ ያወጣል። ውስጥ ለጆሮ የማይሰማ 40 ኪሎኸርዝ ገደማ ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ ተቀምጦ ከውጭ በመቀበያ የሚደመጥበት የድምፅ ፍተሻ ደግሞ ፈጣንና ንጹሕ ነው፣ ሞኬት ሳያረጥብ ሥራው ያልቃል። ግን የሁለቱም ድክመት አንድ ነው፦ የተደፈነ የውሃ መውረጃ፣ ማለትም የጣሪያውን ዝናብ ወደ መኪናው ሥር የሚያወርደውን ቱቦ፣ አያሳዩም። ክፍት ጣሪያ ባላቸው መኪኖች ላይ ደግሞ ዋናው ጥፋተኛ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

የጃካራንዳ ጥቃቅን ቅጠል፣ የግራቪሊያ እርጋፊና የግንባታ አቧራ ተቀላቅለው ሲረጥቡ ጭቃ ይሆናሉ፤ ጭቃው መውረጃ ቱቦው አፍ ላይ ይደርቃል። ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ላይ ቱቦዎቹ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ፣ ከቀበቶው ግድም ናቸው። ሲደፈኑ ውሃው ወደ ውስጥ ይሞላል። በኮምፕሬሰር ንፋስ መስጠት ቱቦውን ከውስጥ ሊያላቅቀው ስለሚችል ጫፉ የደነዘዘ ለስላሳ ፕላስቲክ ሽቦ ይሻላል። የመጀመሪያው ፖርሽ ቦክስተር (986) ላይ የማንቂያው ኮምፒውተር ከመቀመጫ ሥር ወለሉ ላይ ስለተቀመጠ የተደፈነ ቱቦ መኪናውን እንዳይነሣ ሊያደርገው ይችላል። ቢኤምደብሊው ዜድ4 (ኢ85) ላይ የጣሪያው ሞተር ያለው በግራው መውረጃ ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ ውሃ ሲሞላበት ይቃጠላል። ከእነዚህ አንዱን ለሚገዛ ሰው ሞተር ከማስነሣት በፊት ቱቦዎቹ ላይ አንድ ሊትር ውሃ አፍስሶ ከመኪናው ሥር መውጣቱን ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሌላም መለያ አለ። ውሃው ኤሲ ሲበራ ብቻ የሚመጣ ከሆነ የኤሲው መውረጃ ተደፍኗል። ጣፋጭ ሽታ ያለውና የሚያጣብቅ ከሆነ የራዲያተር ውሃ ነው፣ ከዝናብ ጋር አይገናኝም።

የትኛው መስታወት?

ፍተሻው መስታወቱን ከጠቆመ፣ ወይም ስንጥቅ ካለ፣ ገበያው ላይ ሦስት ዓይነት አለ። የመኪናው አርማ ያለበት ኦሪጅናል፤ አርማ የሌለው ግን ፒልኪንግተንን፣ ሳን-ጎባን ሴኩሪትን ወይም የቻይናውን ፉያኦን የመሳሰሉ አምራቾች የሠሩት፤ ከሌላ መኪና የተነሣ ያገለገለ። በተራ መኪና ላይ ሁለተኛው ከበቂ በላይ ነው። የስፖርት መኪና መስታወት ግን በጣም ጋደም ስለሚል ትንሽ የመስታወት መዛባት እንኳ መንገዱን ያወዛውዛል። ስለዚህ ከመክፈል በፊት በሚገጠምበት መጠን አጋድሞ፣ በውስጡ ቀጥ ያለ ነገር፣ ለምሳሌ የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ ማየት ነው። ምሰሶው ከተጠማዘዘ መስታወቱ ይመለስ። መስታወቱ ለመኪና የተፈቀደ መሆኑን የሚያሳየው፣ ክብ ውስጥ ያለ ኢ ፊደልና 43አር የሚል ምልክትም መፈለግ አለበት።

ያገለገለ መስታወት ርካሽ ነው፣ እኛ ግን አንመክረውም። ሲነቀል ጠርዙ ይሸረፋል፤ ጥፍር የሚይዝ ሽርፍራፊ ካለ ኮብልስቶን ላይ ወይም ፍጥነት መቀነሻ ላይ ሲንገጫገጭ ስንጥቁ ከዚያ ይጀምራል። ሁለቱን መስታወት የሚያጣብቀው ፕላስቲክ ጠርዝ ላይ ነጭ ደመና ካሳየ ውሃ ገብቶበታል። የመሪውን ጎን ማጣራትም አይረሳ፤ የእንግሊዝ ወይም የጃፓን መኪና መስታወት የመጥረጊያውና የሴንሰሩ ቦታ የተገላበጠ ሊሆን ይችላል።

ከመስታወቱ ይልቅ ሙጫው

እዚህ ላይ ነው ልዩነቱ የሚሰፋው። ሲሊኮን ለመስኮት እንጂ ለፊት መስታወት አይደለም፦ መስታወቱን በጥንካሬ አይዝም፣ አንዳንዱ የሚለቀው አሲድ ላሜራውን ያዝገዋል፣ ቅሪቱ ላይም ትክክለኛው ሙጫ በኋላ አይያያዝም። የሕንፃ ፉጋ መሙያም ያው ነው። ትክክለኛው ዩሬቴን የሚባለው የመኪና መስታወት ሙጫ ነው፤ 300 ሚሊ ሊትር ገደማ በሚይዝ ቱቦ ይሸጣል፣ ቀኑ ያለፈበት እንደሆነ ቱቦው ላይ ይነበባል። የተሳፋሪው ኤርባግ ሲነፋ ብዙውን ጊዜ መስታወቱን ተደግፎ ስለሚዘረጋ በሙጫ መቆጠብ አያዋጣም።

ጥሩ ሠራተኛ አሮጌውን ሙጫ እስከ ላሜራ አይፍቅም፤ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ትቶ አዲሱን በላዩ ያስቀምጣል። ላሜራው ከተጫረ ጭረቱን ፕራይመር (ከሙጫው በፊት የሚቀባ መሠረት) ይቀባል፣ ያለዚያ ዝገት ተነሥቶ በሁለተኛው ክረምት ውሃ ያስገባል። በካተር የሚነቅል ሰው ጭረት ማብዛቱ አይቀርም፣ በሽቦ የሚቆርጥ ይሻላል። በመስታወቱ ጥቁር ጠርዝም ላይ ፕራይመር ያስፈልጋል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው ፀሐይ ሙጫውን ይጎዳል። ሙጫው በሦስት ማዕዘን ቅርጽ፣ ከፍታው 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ሳይቋረጥ ይዞራል፣ ገጹ ሳይደርቅ መስታወቱ ይቀመጣል።

ቤት ድረስ መጥቶ የሚገጥም ወይስ ጋራዥ? በበጋ፣ ነፋስና አቧራ በሌለበት ግቢ፣ ቤት መግጠም ችግር የለውም። በክረምት ጣሪያ ያለው ጋራዥ ብቻ። ዩሬቴን ከአየር እርጥበት ስለሚጠነክር በደረቁ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ይዘገያል፤ መቼ መንዳት እንደሚቻል ሲጠየቅ «አሁኑኑ» የሚል ጋራዥ ይታለፍ፣ ቱቦው ላይ የተጻፈውን ሰዓት የሚያነብልዎ ይመረጥ። እስከ ማግስቱ አንዱ የጎን መስታወት በትንሹ ክፍት ይደር፤ በር ሲዘጋ የሚገፋው አየር ትኩሱን ሙጫ ያፈናቅለዋል።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ የቦሎና የሦስተኛ ወገን ተለጣፊ ያለው አሮጌው መስታወት ላይ ነው። መስታወቱ ከመነቀሉ በፊት በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርጎ ቀስ ብሎ ማንሣት ይቻላል።